የረቡዕ ጉርሻ

በሬዬን የበሉብኝ አባቴና ወንድሜ ናቸው። አንደኛው ለነፍሴ አለ፣ አንደኛው ለአብዮቱ አለ። እኔስ ምን አልሁ? እኔንማ ማን ጠይቆኝ! ዛሬም የሥጋ ወጥ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ጎረቤት ጠርቶኝ በፊቴ ሲያቀርብልኝ «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ሽሮ እለምናለሁ። ሰው ኩራት ይመስለዋል። ኧረ ኩራት ከየት መጥቶ እቴ፣ ተጸይፌ ነው እንጂ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ወደ ፍላቂት አገር ተድሬ ነበር። ባሌ ጠጥቶ የሚማታ ሰው ስለነበረ ሽማግሌ ተቀምጦ አፋታን፤ ንብረቱ ሲካፈል ለኔ አንድ ወይፈን ደረሰኝ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ቦራ አልሁት። እሱን እየነዳሁ ወደ አገሬ ወደ ላስታ ተመለስሁና አባቴ ቤት ገባሁ። አገራችን ከላሊበላ በላይ ነው፣ ከገብስ ሌላ እህል የማያበቅል ብርዳም ደጋ። አባቴን ሀብተ ሥላሴን የደብሩ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። እኔን ግን «ተፈትታ መጣች» ብሎ ነው የተቀበለኝ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጆሮ አይከደን።

ታናሽ ወንድሜ ምናለ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ዲያቆን ነበር። ከተማ ወርዶ ሲማር ቆይቶ ደርግ ሲመጣ ቃጭሉን አስቀመጠና ሽጉጥ ታጠቀ፤ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበርም ሆነ። ቤት ውስጥ «እታለም» ይለኛል፤ ስብሰባ ላይ «ጓድ አሰለች»። የሐቁን ልናገር፣ መሬት የሰጠኝ እሱ ነው። በደብራችን ሴት በስሟ መሬት ስትይዝ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። የዚያን ቀን ድንበሬን እየዞርሁ ድንጋዩን በእጄ ስዳብስ ያየኝ ሰው አብዳለች ብሎ ይሆናል።

ሴት ሞፈር አትጨብጥም፣ ወጉ አይፈቅድም። ጎረቤታችን የሻው ግን አንድ በሬ ነበረው። የሱን በሬና ቦራን አቀናጅተን እሱ የሱንም የኔንም ያርስ ነበር። መቀናጆ ነው የምንለው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፣ ጥማዱ ከጎደለ መሬቱ ጦሙን ያድራል፣ ጦሙን ያደረ መሬት ደግሞ ማኅበሩ ይነጥቃል። ስለዚህ ቦራ ከሄደ መሬቴ ሄደ፣ መሬቴ ከሄደ እኔ ተመልሼ የአባቴ ቤት ገረድ ነኝ። ይኼን ሁሉም ያውቀዋል። እያወቁ ነው የበሉት።

አባባ ዓይናቸው ሲደክም ሞት ሞት ይሸታቸው ጀመር። ሞቱን አልፈሩም፤ የፈሩት ተዝካራቸው እንዳይቀር ነው። እንደኛ አገር ደንብ ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ ልጆቹ ካህኑንና ድሃውን አብልተው ነፍሱን ያስምራሉ። ልጁን ያላመነ ሰው ግን ሳይሞት የራሱን ድግስ ራሱ ደግሶ ያበላል፤ የቁም ተዝካር ይባላል። አባባ ልጃቸውን አላመኑም። «እግዜር የለም የሚል ልጅ ወልጄ ማን ተዝካር ያወጣልኛል?» አሉና የቁም ተዝካር ለማውጣት ቆረጡ። ያውጡ! እኔ ምን ቸገረኝ? አንድ ቀን ግን ጠሩኝና «ቦራን አርዳለሁ» አሉኝ።

«አባባ፣ ቦራ እኮ የኔ በሬ ነው!»

«በኔ ግቢ፣ የኔን ጭድ በልቶ ያደገ በሬ የማን ነው?»

«የርስዎ በሬስ?»

«እሱማ አጥንት ነው። ሀብተ ሥላሴ አጥንት አበላን ይበለኝ አገሩ? ከነውርደቴ ልቀበር?»

«በማርያም አባባ! መሬቴ በምን ይታረሳል?»

«መሬት የትም አይሄድም። የምትሄደው ነፍስ ናት» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ዳዊታቸውን አነሱ፣ ዓይናቸው ፊደሉን እንደማያየው እያወቅሁ።

የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሲመጡ ደስ አለኝ። ይገሥጹልኛል ብዬ! አጥብቄ እግራቸውን ሳምሁና ነገርኋቸው። እሳቸው ተነሥተው ቦራ ወደ ታሰረበት ሄዱ። «ልጄ፣ የአባት ምርቃት ከበሬ ይበልጣል» እያሉኝ በቀኝ እጃቸው የቦራን ሻኛ ዳበስ ዳበስ ያደርጉታል። መስቀል የሚያሳልሙበት እጅ እኮ ነው! ስለ ነፍስ እያወሩኝ ጣታቸው ጮማ ይመዝናል። «መልካም ይዟል» አሉ መጨረሻ ላይ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ወደ ምናለ ሮጥሁ። ገና ሳልጨርስ ቱግ አለ። «የማምረቻ መሣሪያ ታርዶ? ለተዝካር? ይኼ ኋላ ቀር ልማድ ነው አይደል የሚገድለን! አይዞሽ እታለም፣ እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም አይነካብሽም።» እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ከወይራው ሥር ሰብስቦ የእርሻ በሬ ለተዝካር ማረድ ክልክል ነው፣ ያረደ እንደ ፀረ አብዮት ይቆጠራል ብሎ አወጀ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ እኔ ብድግ ብዬ እልል አልሁ። ብቻዬን! አባባ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ሴቶቹ «ምነው ይቺ ሴት ዓይኗን በጨው አጠበችው» ተባባሉ። አላፈርሁም። በሬዬ ድኖልኛል፣ ምን ያሳፍረኛል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ረስቼው ነው እንጂ።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከአውራጃ የሚመጡ ጓዶች የሠራነውን እርከን ሊጎበኙ ነው ተባለ። ምናለ እንቅልፍ አጣ። ሌላው ማኅበር ሰንጋ ጥሎ ተቀብሏቸዋል፣ የሱ ማኅበር በገብስ ቆሎና በጠላ ሊሸኛቸው ነው? ያዋጡ ብሎ ቢዞር ሰዉ «እኛስ መቼ በላን» አለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ጓዳ ገብስ ስቆላ እሱና መምሬ ወልደ ሩፋኤል ተከታትለው መጥተው ከአባባ ጋር ተቀመጡ። ሁለቱ በአንድ ቤት ከተቀመጡ ዘመን አልፏቸዋል። ታረቁ እንዴ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ፍትሐቱን ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን እናደርሳለን፣ ማን ይሰማል?» ይላሉ መምሬ።

«እኔ ደግሞ ቀይ ጨርቄን እሰቅላለሁ» ይላል ምናለ። «ለጓዶች አቀባበል ነው የታረደው። ካህኑም ድሃውም ይብላ፣ ሰፊው ሕዝብ ነው። አባባ ተዝካራቸው ወጣ፣ እኔም እንግዳ ተቀበልሁ።»

«ስሙን ምን ያደርጉታል» አሉ መምሬ። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው።»

አባባ ሳቁ። ከስንት ወር በኋላ ሲስቁ ሰማሁ። ምጣዱን እሳት ላይ ትቼ ወጣሁና «በሬውስ? በሬው የማን ነው?» አልሁ።

ሦስቱም ሰው ተቀምጦ ሳለ መሶብ ላይ እንደወጣች ዶሮ አዩኝ።

«ጓድ አሰለች» አለኝ ምናለ፣ በአባቱ ቤት፣ መደብ ላይ ተቀምጦ! «የግል ጥቅምሽን ከሰፊው ሕዝብ ጥቅም አታስቀድሚ።»

«አባትሽን በሰው ፊት እልል ብለሽ ያዋረድሽው አይበቃሽም?» አሉ አባባ።

«እርግማን ይሆንብሻል ልጄ፣ ተይ» አሉ መምሬ።

ቱ! ወግ ካልን፣ በሬውን ሽማግሌ አካፍሎ በምስክር ሰጥቶኛል። ሕግ ካልን፣ ይኸው ወንድሜ ራሱ በሬ ለተዝካር አይታረድም ብሎ አውጆልኛል። በወጉም የኔ ነው፣ በሕጉም የኔ ነው። ወግ የሚሉትና ሕግ የሚሉት ሰዎች ሥጋ ሲያምራቸው ግን ሁለቱንም ከመደብ ሥር ወሸቋቸው። ገብሱ አርሮ ጭሱ ቤቱን ሞላው። እኔንም ስለ ገብሱ ተቆጡኝ።

በነጋው ቦራን ፈትቼ ወደ ኮን መንገድ ነዳሁት። ገበያ ወስጄ ሸጬ ድግሱ ሲያልፍ በገንዘቡ ሌላ በሬ እገዛለሁ ብዬ። ከአቀበቱ ሳልወጣ የማኅበሩ ጥበቃዎች መለሱኝ፤ የይለፍ ወረቀት የለሽም አሉኝ። ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው? ምናለ። የሻው ዘንድ ሄድሁ። «አንተስ በሬህ ብቻውን ሊቀር አይደል? ተናገር እንጂ!» ስለው አንገቱን ደፋ። «እኔ ልጆች አሉኝ እታለም» አለኝ። አልፈርድበትም። በዚያ ጊዜ ሽጉጥ ከታጠቀ ሰው ጋር ስለ በሬ የሚከራከር ወንድ አላየሁም።

የድግሱ ቀን ማክሰኞ ነበር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሊጥል ጥቂት ሲቀረው። ሌሊቱ ሲነጋጋ ፍትሐቱ ደረሰ፣ ፀሐይ ስትወጣ ቦራ ታረደ። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ ገመዱን የያዘው ሰው ሲጎትተው ዝም ብሎ ተከተለው። በአባባ ግቢ ጥግ ያለችው ጎጆዬ ጥላ ናት፣ ትቀዘቅዛለች ተብሎ ሥጋው እኔ ቤት ተሰቀለ። ቤቴ ውስጥ! እኔ የምተኛበት! ደሙ በወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ዝንቡ እዬዬ ይላል፣ ምናለ ደግሞ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል።

ካህናቱ መጡ። ከየገደሉ ድሃው መጣ፤ ሽባው፣ ዓይነ ስውሩ፣ ልጅ ያዘለችዋ። ድሃው ካልበላ ተዝካሩ ተዝካር አይባልምና አባባ ራሳቸው ናቸው ያስጠሯቸው። ሁሉም ተቀምጦ ጓዶቹን ይጠብቃል። እኩለ ቀን ሆነ፣ የሉም። መኪናቸው ጋሸና ላይ ተበላሽቷል የሚል ወሬ መጣ። አንዲት ሴት «ኧረ ለልጄ አንድ ቁራሽ አቅምሱልኝ» አለች።

«እንግዳ ሳይቀምስ ማን ይነካል?» አለ ምናለ።

«ነውር ነው፣ ነውር ነው» አሉ አባባም። አባትና ልጅ በሰው ፊት ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ድሃው ምራቁን እየዋጠ ዋለ። ፀሐይ ጠለቀች፣ ማክሰኞም አለቀ።

እንግዲህ ይታያችሁ። ማግሥቱ ረቡዕ ነው። ጾም!

ጓዶቹ ረቡዕ ከእኩለ ቀን በኋላ ደረሱ፣ ርቧቸው። ሥጋው ሽታው ተለውጧል፤ እኔ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አፍኜ ሠራሁት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ጓዶቹ በላይ በላዩ ይበሉት ያዙ። ድሃው ከአጥሩ ሥር ደረቅ እንጀራ ይዞ ያያል። የጾም ወጥ ማን አስቦ! ካህናቱ ጠላቸውን እየጠጡ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፣ ሲያዩዋቸው ጻድቃን። የመምሬ ወልደ ሩፋኤል ድርሻ ግን በቅጠል ተጠቅልሎ ቀድሞ ቤታቸው ሄዷል። ፍሪምባው ነው። የጠቀለልሁት እኔ ነኝ። «ለሐሙስ ይቆይልኛል» ብለውኝ ነበር።

የጓዶቹ አለቃ ጓድ ከፋለ የሚባል ሰው ነው። ፈገግተኛ፣ ሳቂታ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ እኔም ክፉ ነው አልልም። ምናለ ምን ብሎ እንደነገረው እንጃ፣ ተነሥቶ «እኚህ ተራማጅ አባት ያላቸውን በሬ ለአብዮቱ አበርክተዋል!» አለና አስጨበጨበ። ያላቸውን በሬ! ምናለን አየሁት። እሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ከዚያ ጓድ ከፋለ አባባን ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። በእንጀራ ጠቅልሎ አንድ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጀና ወደ አፋቸው ዘረጋ። ሥጋ! ረቡዕ! በገዛ ተዝካራቸው ቀን!

አባባ ዓይናቸው ባያይም ሽታው ደርሷቸዋል። «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ...» አሉ።

«ረቡዕም ዓርብም ያው ቀን ነው አባቴ! ጉርሻ ደግሞ አይመለስም!» አለ ጓድ ከፋለ እየሳቀ። እውነቱን ነው፣ በእኛ አገር ጉርሻ አይመለስም፣ እንግዳ እጁን ዘርግቶ አይቀርም። ምናለ በአባባ ጆሮ «አባባ፣ አያሳፍሩኝ» አለ። አባባ ፊታቸውን መምሬ ወደ ተቀመጡበት አዞሩ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ጠላ ውስጥ ዝንብ የገባባቸው ይመስል ዋንጫቸውን ማየት ያዙ። አንድ ቃል! «አይገባም» የምትል አንዲት ቃል ቢናገሩ ምን ነበር? ፍሪምባው ቤት ገብቷላ!

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። አኘኩት፣ አኘኩት፣ አልወርድ አላቸው፤ ቅባቱ በነጩ ጢማቸው ወረደ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ አስመለሰኝ። የበላሁት ነገር ስላልነበረ ውሃ ብቻ ነው የወጣኝ።

የካቲት ላይ ዝናቡ ጣለ። የሻው በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጀ፣ የኔ መሬት ጦሙን አደረ። ማኅበሩ ተሰበሰበና መሬቴን ነጠቀኝ። ለማን ተሰጠ? ለተራማጁ አባት! «በቤታችን ነው ያለው፣ ምን ቸገረሽ» አለኝ ምናለ። ይኼን ሲለኝ ዓይኔን አላየም። መሬቴን በእጁ ሰጠኝ፣ በእጁ ወሰደ።

አባባ ግን ደስታ አላገኙም። ድሃው ሳይበላ፣ እሳቸው ጾም ሽረው፣ ተዝካሩ ተዝካር ሳይሆን ቀረ። ሌት ተቀን «ለነፍሴ ብዬ ነፍሴን ገደልኋት» እያሉ ያለቅሳሉ። አላዘንሁላቸውም ብል እዋሻለሁ፤ አባቴ ናቸው። ግን ስለ ቦራ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሱም። አንድ ቀን!

አንድ ከሰዓት በኋላ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መጡ። ምናለም ነበረ። አባባ ተናዝዘው ኖሮ ንስሐቸው ተቆርጦላቸዋል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ማታ ጾም፣ በየዕለቱ ስግደት፣ እስከ ፋሲካ። መምሬ እኔን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አባትሽ ደክሟል። ይኼን ሁሉ አይችልም። ልጅ የአባቱን ንስሐ መሸከም ይችላል። አንቺ ጹሚለት፣ አንቺ ስገጂለት።»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንሁም። ምናለን አየሁት፤ እግዜር የለም የሚለውን ወንድሜን።

«ምን ይጎዳሻል እታለም» አለኝ። «ሽማግሌው ልባቸው ይረጋጋላቸው።»

«ወንድ ልጃቸው አንተ አይደለህ? ለምን አንተ አትጾምም?»

«እኔማ በዚህ ነገር አላምንም» አለ፣ ኮራ ብሎ።

«መምሬ፣ ፍሪምባው ሐሙስ ዕለት ጣመዎት?» አልኋቸው።

ፊታቸው ደም ለበሰ። «የምን ነገር ነው የምታመጪ? ስለ ነፍስ እያወራን!»

«ስለ ነፍስ ነው የማወራው አባቴ። እኔ ጾሙንስ እጾማለሁ። መሬቴን ወስዳችሁ ከየት አምጥቼ እበላለሁ? ሳልፈልግም እጾማለሁ። ግን ለሳቸው ብዬ አይደለም። እግዜር ፊት በስማቸው እንዳይቆጥሩት፣ እዚሁ በምስክር ልናገር።»

አባባ ከመደቡ ላይ እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ። «አሰለችዬ» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። «ታዲያ ማን ይጹምልኝ?»

«የበላ ይጹም» አልኋቸው።

እጃቸው እንደተዘረጋ ነበረ። ሁለቱ ሰዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ አንዳቸውም አልያዙላቸውም። ነጠላዬን አነሣሁና ወጣሁ።